ጋፋትን የሰማው ስደተኛ

(ለቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ወላጆች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ፣ ያውም ሳምንቱን ሙሉ ስትሠሩ ከርማችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ቡናው እየተቆላ ነው። እስኪደርስ ስለ አንድ ሰው ላውጋችሁ።

ነገሩን ያስጀመረችው የ11 ዓመት ተማሪዬ ናት። ያ ጠረጴዛ ላይ ያለው፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘው መዝገበ ቃላት የኔ ነው። ክፍል ይዤው እገባለሁ። አንድ ቅዳሜ ልጅቷ አነሳችውና ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ቀስ ብላ አነበበች። ወልፍ ሌስላው። "ጋሼ፣ ሐበሻ ነው?" አለችኝ። አይደለም አልኳት። "ታዲያ ማን አስገደደው?" አለች።

ከልቧ ነው የጠየቀችው። ለእሷ አማርኛ ማለት እናትና አባት ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ ቀስቅሰው የሚልኩበት ነገር ነው። ማንም ሳያስገድደው የሚማረው ሰው ይኖራል ብላ አታስብም። እኔም ደህና መልስ አልሰጠኋትም። ፕሮፌሰር ነበሩ፣ እዚሁ አሜሪካ ያስተምሩ ነበር ብዬ አለፍኩ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው ከነከነኝ። ይህን መጽሐፍ ስገልጥ ስከድን ስንት ዓመት ኖሬ፣ የጻፉት ሰው ከየት ተነስተው የት እንደደረሱ አንድም ቀን አልጠየቅሁም ነበር።

ስፈልግ ያገኘሁት የስደተኛ ታሪክ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በሱዳን በረሃ በእግሩ የወጣ ሰው አለ። ኬንያ ካምፕ ውስጥ ፕሮሰስ ሲጠብቅ ዓመታት ያሳለፈም አለ። እነዚህ ሰዎች ይህን ታሪክ ከኔ በላይ ይረዱታል። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳታምታቱት።

ወልፍ ሌስላው በ1906 ክሼፒትሴ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት። ያኔ ፖላንድ የሚባል ነጻ አገር አልነበረም፣ አካባቢውን የሚገዛው የሩሲያው ንጉሥ ነበር። ቤተሰባቸው አይሁድ ነው፣ ሃይማኖቱን አጥባቂ፣ በጣም ድሃ። አሥር ዓመት ሲሆናቸው እናትም አባትም አልነበሯቸውም። ያሳደጋቸው ወንድማቸው ነው። በዚህ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ያዛቸው።

ትምህርታቸው የሺቫ ነበር፣ የአይሁድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት። የኛን የአብነት ትምህርት ቤት አስቡት። የፖላንድ አይሁድ እቤቱ የሚናገረው ዪዲሽ ነው፣ የሚጸልየው በዕብራይስጥ ነው፣ ገበያ ሲወጣ ደግሞ ፖላንድኛ አለ። አንድ ልጅ ሳያስበው ከሦስት ቋንቋ ጋር ያድጋል። እኛም አገር ግዕዝ በቤተ ክርስቲያን፣ ሌላ ቋንቋ በቤት፣ አማርኛ በገበያ ያለው ልጅ ስንት ነው?

ካደጉ በኋላ የፖላንድ ጦር ግዳጅ መጣ። ወታደር መሆን አልፈለጉም። መማር ነው የፈለጉት። ስለዚህ ዜግነታቸውን ተዉና ወደ ቪየና ሄዱ። ይህን ውሳኔ ሳነብ ቆም ብያለሁ። ፓስፖርታቸውን የመለሱት ሌላ ፓስፖርት ይዘው አይደለም። የየትኛውም አገር ዜጋ ያልሆነ ሰው ሆኑ። አገር አልባ። በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ናቸው፣ ሂትለርም ገና ሥልጣን አልያዘም። አገር አልባነት ኋላ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማን ያውቃል?

ቪየና ዩኒቨርሲቲ ሴማዊ ቋንቋዎችን አጠኑ። ዕብራይስጡን ይዘው የመጡ ልጅ ናቸው። እዚያ አረማይክ፣ የጥንቱ የባቢሎን ቋንቋ አካድኛ፣ ከዚያም ግዕዝ ተጨመረ። ግዕዝ ሲጀምሩ ምን እንደተሰማቸው መገመት እችላለሁ። እስቲ እናንተም ስሙት። ቤት በዕብራይስጥ ባይት ነው። ደም፣ ዳም ነው። ስም፣ ሼም። ራስ፣ ሮሽ። ሰማ፣ ሻማዕ። የግዕዙ እዝን፣ ኦዜን። ከክሼፒትሴ የመጣው ወላጅ አልባ ልጅ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለ ዘመድ አገኘ ማለት ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1969፣ አማርኛና ዕብራይስጥ በሥር የሚገናኙባቸውን ቃላት ሰብስበው ለብቻው መጽሐፍ አድርገውታል።

በ1931 ከቪየና ወደ ፓሪስ ሄዱ። ናዚዎች ኦስትሪያን የያዙት መጋቢት 1938 ነው። በዚያን ሳምንት የቪየና አይሁድ አውራ ጎዳና ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከው አስፋልት በብሩሽ እንዲፈትጉ ሲገደዱ፣ ሌስላው ፓሪስ ነበሩ። በሰባት ዓመት ቀድመው ወጥተዋል።

ፓሪስ የሄዱት ማርሴል ኮኸን የሚባል ሰው ፍለጋ ነው። ኮኸን በ1910 ኢትዮጵያ ድረስ ሄዶ አማርኛን ያጠና ትልቅ ሊቅ ነው። እሱም አይሁድ ነው። ትልቁን የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው በ1936 ነው። ዓመቱን ልብ በሉ፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው። የቋንቋው መጽሐፍ ፓሪስ ላይ ይታተማል፣ የቋንቋው ባለቤት አርበኛ ሆኖ ጫካ ይገባል። ሌስላው በዚህ ሰው እጅ ሠለጠኑ። በ1938 የሶቆጥራ ደሴት ቋንቋን መዝገበ ቃላት አወጡ። ኢትዮጵያን ግን ገና በመጽሐፍ ብቻ ነው የሚያውቋት። ወደዚያ የሚወስድ መንገድ አልነበረም። አገሪቱ በወራሪ እጅ ናት፣ እሳቸው ደግሞ ፓስፖርት የላቸውም።

በዚያው በ1938፣ ሐምሌ ላይ፣ የ32 አገሮች ተወካዮች ኤቪያን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተሰበሰቡ። አጀንዳው ከሂትለር የሚሸሹ አይሁድን ማን ይቀበል የሚል ነበር። ሁሉም አዘነ። አዝኖ አዝኖ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ በሩን የከፈተ አልተገኘም። የስደተኛ ታሪክ ሲነገር ክፉው አሳዳጅ ጎልቶ ይወጣል፣ ተገቢም ነው። እኔ ግን ይህን ስብሰባ መርሳት አልችልም። በር ላይ ቆሞ "ይቅርታ፣ ቦታ የለንም" የሚል ሰው ጨዋ ይመስላል። ከበሩ ውጭ የቀረው ሰው ግን ሞቷል።

መስከረም 1939 ጦርነቱ ተጀመረ። የፈረንሳይ ፖሊስ የውጭ ሰው መልቀም ጀመረ። አብዛኞቹ ጀርመንና ኦስትሪያውያን ናቸው፣ ከነሱም ብዙዎቹ ራሱን ሂትለርን የሸሹ አይሁድ ናቸው። ሌስላውም ተያዙ። በፒሬኒስ ተራሮች በኩል ያለ ካምፕ ተወሰዱ። ከ1939 ወደ 1940 የሚያሻግረውን ክረምት፣ ያንን ከባድ ብርድ፣ ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር እዚያ አሳለፉ። የእንጨት ጎጆ፣ ጭቃ፣ ንፋስ። ድሮ ሳንባቸውን የታመሙ ሰው መሆናቸውን አትርሱ።

ከዚያ ወደ ሌላ ካምፕ ተዛወሩ። ሌ ሚል ይባላል፣ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኤክስ-አን-ፕሮቫንስ አጠገብ። የሸክላ ጡብ ፋብሪካ ነበር። ሰው የሚተኛው ጡብ በሚደርቅበት ቦታ ነው። አቧራው ምግብ ውስጥ፣ አልጋ ውስጥ፣ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። እዚያ ያልታሰረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሠዓሊው ማክስ ኧርንስት ታስሯል። ደራሲው ሊዮን ፎይክትቫንገር ታስሯል። ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ሙዚቀኛው በአንድ ጣሪያ ሥር። ግድግዳው ላይ የሳሏቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ አሉ፣ ቦታው አሁን የመታሰቢያ ሙዚየም ሆኗል።

ሰኔ 1940 ፈረንሳይ ተሸነፈች። የተፈረመው ስምምነት 19ኛ አንቀጽ ነበረው። ጀርመን በስም የጠራችውን ጀርመናዊ ስደተኛ ፈረንሳይ አሳልፋ ትሰጣለች የሚል ነው። ጥቅምት ላይ የቪሺ መንግሥት፣ ከሽንፈቱ በኋላ ከጀርመን ጋር ተስማምቶ የቆመው የፈረንሳይ መንግሥት፣ የራሱን ሕግ አወጣ። አይሁድ ማስተማር አይችልም፣ የመንግሥት ሥራ አይዝም። በማግስቱ ሌላ ሕግ መጣ፣ የውጭ አገር አይሁድን የየክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ እንደፈለገ ካምፕ ማስገባት ይችላል አለ። ይህን ሕግ ጀርመን አልጻፈውም። ፈረንሳዮች ራሳቸው ናቸው የጻፉት።

አሁን ስለ ወረቀት ላውራ። እዚህ ያለን ሰዎች ስለ ወረቀት ማብራሪያ አያስፈልገንም። ግን የዚያን ጊዜው ምን ይመስል እንደነበር ስሙኝ።

አሜሪካ ለመግባት መጀመሪያ ስፖንሰር ያስፈልጋል። አሜሪካ የሚኖር ሰው ይህን ሰው እኔ እችለዋለሁ፣ በመንግሥት ላይ ሸክም አይሆንም ብሎ ይፈርማል። አፊዳቪት፣ ያው የምታውቁት ነው። ከዚያ ማርሴይ ካለው የአሜሪካ ቆንስላ ቪዛ። ከዚያ ከፈረንሳይ የመውጫ ፈቃድ። ከዚያ የስፔን ማለፊያ፣ የፖርቱጋል ማለፊያ። ከዚያ የመርከብ ትኬት። እያንዳንዱ ወረቀት የሚያበቃበት ቀን አለው። አራተኛውን ስታገኝ የመጀመሪያው ያልፍበታል። እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ። ይህን ሁሉ የምታደርገው ደግሞ ካምፕ ውስጥ ሆነህ ነው። ሌ ሚል ከማርሴይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ1940 መጨረሻ ጀምሮ ፕሮሰስ የጀመሩ ሰዎች የሚከማቹበት ካምፕ ሆኖ ነበር። ወንዶቹ ጡብ ፋብሪካው ውስጥ፣ የብዙዎቹ ሚስቶችና ልጆች ማርሴይ ከተማ በተዘጉ ሆቴሎች ውስጥ፣ በጥበቃ ሥር።

አንድ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ቫልተር ቤንያሚን የሚባል ጀርመናዊ አይሁድ ነበር፣ ከዘመኑ ታላላቅ አሳቢዎች አንዱ። የአሜሪካ ቪዛ ነበረው። የስፔን ማለፊያም ነበረው። የጎደለው የፈረንሳይ መውጫ ብቻ ነው። ስለዚህ በታመመ ልቡ በእግሩ ተራራ ወጣ፣ ፒሬኒስን ተሻገረ። ስፔን በኩል ፖርትቦው ሲደርስ ፖሊሶች ነገ ወደ ፈረንሳይ ትመለሳለህ አሉት። በዚያች ሌሊት፣ መስከረም 26 ቀን 1940፣ ራሱን አጠፋ። ሌላዋ ጀርመናዊት አይሁድ አሳቢ ሐና አረንት ደግሞ ያንኑ የመሰለ ካምፕ አይታ፣ በሊዝበን በኩል አልፋ፣ በ1941 ኒው ዮርክ ገባች። ሁለቱ ይተዋወቁ ነበር። አንዱን ያስቀረው፣ አንዷን ያሳለፈው ምን እንደሆነ ስታስቡት፣ ብልጠትም አይደለም፣ ብርታትም አይደለም። የቀን ጉዳይ ነው፣ የማህተም ጉዳይ ነው።

በዚያ ዘመን ማርሴይ ውስጥ ሰው ለማውጣት የሚሯሯጡ ሰዎችም ነበሩ። ኩዌከር የሚባሉ የአሜሪካ ክርስቲያኖች፣ የአይሁድ የእርዳታ ማኅበራት፣ ቫሪያን ፍራይ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ጋዜጠኛ። ፍራይ ነሐሴ 1940 ሲመጣ የ200 ያህል ሰዎች ዝርዝርና 3,000 ዶላር ነው የያዘው። ፈረንሳዮች ከአንድ ዓመት በኋላ እስኪያባርሩት ድረስ ወደ 2,000 ሰው አስወጥቷል ይባላል። ሌስላውንና ቤተሰባቸውን ያወጣውም ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት ነው። በ1942 አሜሪካ ገቡ።

በዚያው በ1942፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም፣ ከሌ ሚል ባቡር ተነሳ። ፕሮሰሳቸውን ሲጠብቁ ከነበሩት ወደ 2,000 የሚሆኑ ሰዎች፣ ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን፣ በፓሪስ አጠገብ ባለው ድራንሲ በኩል የናዚ የሞት ካምፕ ወደሆነው አውሽቪትዝ ተላኩ። ጀርመኖች ያንን የፈረንሳይ ክፍል ገና አልያዙትም ነበር። ባቡሩ ላይ የጫናቸው የፈረንሳይ ፖሊስ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሐፍ ሳየው ከዚያ ወዲህ ሌላ ሆኖብኛል። ያ ቤተሰብ ወራት ዘግይቶ ቢሆን፣ አንድ ፊርማ ቢጎድለው፣ ይህ መጽሐፍ የለም። ከዚያም በላይ ደግሞ የማስበው በዚያ ባቡር ስለሄዱት 2,000 ሰዎች ነው። እነሱ ይጽፉት የነበረውን ማን ያውቀዋል? የምናለቅስለት ነገር ስም እንኳ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1941 ፓሪስ ላይ አንድ መጽሐፍ ታተመ። የትግርኛ ሰዋስው ነው፣ ከነጽሑፎቹ። ደራሲው ወልፍ ሌስላው። ፓሪስ በናዚ እጅ ናት፣ ደራሲው ገና ከፈረንሳይ አልወጡም፣ አስተማሪያቸው ኮኸን አይሁድ ማስተማር በተከለከለበት አገር ነው ያለው። በዚህ መሀል የትግርኛ ግሥ እንዴት እንደሚረባ የሚያስረዳ መጽሐፍ ይወጣል። ትግርኛ ተናጋሪ የሆናችሁ እዚህ አላችሁ። ይህን ብታውቁ ብዬ ነው።

ኒው ዮርክ ሲደርሱ በባዶ እጅ ነው። እዚያ የፈረንሳይና የቤልጅየም ስደተኛ ምሁራን በ1942 የራሳቸውን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን ያስተምር ነበር፣ የሰው ልጅ ባህል አጥኚው ክሎድ ሌቪ-ስትሮስ ያስተምር ነበር። ሌስላውም ከነሱ ጋር ገቡ። ማታ ማታ ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ ተቀምጦ የሚጽፍ ስደተኛ ይታየኛል። የሚጽፉት ስለ ጋፋት ነው።

ጋፋት ምንድን ነው? ከናንተ ውስጥ የጎጃም ሰዎች ስሙን በቦታ ስም ወይም በአያቶቻችሁ ወሬ ታውቁት ይሆናል። ጋፋት በአባይ ዳር ይኖር የነበረ ሕዝብ ነው፣ የራሱ ቋንቋ ነበረው። የአማርኛ ዘመድ ነው፣ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ለሶዶ ጉራጌ፣ ለክስታኔ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 ገደማ ጎንደር በነበረ ጊዜ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋት አስተርጉሞ ይዞ ሄደ። ያ ብራና ኦክስፎርድ ተቀመጠ። ከዚያ ቋንቋው ቀስ በቀስ ከአማርኛ ጋር እየተዋሐደ ጠፋ። አጥፋው ብሎ ያዘዘ የለም። ልጆች እቤት አማርኛ ማውራት ጀመሩ፣ ያው ነው። ይህን ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እኛ ቤት ደግሞ አማርኛው ለእንግሊዝኛ እየለቀቀ ነው።

ሌስላው የብሩስን ብራና መርምረው በ1945 አሳተሙት። ለብዙ ሰው ሥራው እዚያ ያበቃል። እሳቸው ግን የሚናገረው ሰው በሕይወት ይኖር ይሆን ብለው አሰቡ። በ1946 የጉገንሃይም ፋውንዴሽን ገንዘብ ሰጣቸውና ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ገቡ። ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች አምስት ዓመቷ ነው። ዕድሜያቸው 40 ሊሆን ነው። ግዕዝን ቪየና፣ አማርኛን ፓሪስ የተማሩ ሰው፣ ቋንቋውን አገሩ ላይ ሲነገር ሰሙት።

ጎጃም ወረዱ። የጋፋት ተናጋሪ ፈለጉ። ብዙ ጠይቀው፣ ብዙ ለፍተው አገኙ። አራት ሰው።

አራት ሰው ብቻ። ቁጭ ብለው ጻፉ። ውኃ ምን ይባላል፣ እሳት ምን ይባላል፣ መጣሁ እንዴት ይባላል፣ አልመጣም እንዴት ይባላል። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቋንቋው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ዛሬ ጋፋት እንዴት ይነገር እንደነበር የምናውቀው በዋናነት ከነዚያ አራት ሰዎች አፍ የተቀዳው ስላለ ነው።

እኔ የማልረሳው ይህንን ነው። ከጦርነቱ በፊት ፖላንድ ውስጥ 3.3 ሚሊዮን ያህል አይሁድ ነበሩ። 3 ሚሊዮን ያህሉ ተገደሉ። የክሼፒትሴ ጎዳና ላይ ዪዲሽ አይሰማም። ሌስላው አባይ ዳር ተቀምጠው የሌላውን ሕዝብ የመጨረሻ ቃላት ሲመዘግቡ የልጅነታቸው ከተማ ቋንቋ ጸጥ ካለ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ስለዚህ ነገር ምን ያስቡ እንደነበር በአፋቸው ልናገርላቸው አልችልም። ግን ያንን የተሸከመ ሰው ከአራቱ ተናጋሪዎች ፊት ሲቀመጥ ዝም ብሎ ቃል የሚለቅም አይመስለኝም።

በዚያው ጉዞ ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮችም ሄዱ። እዚህ የጎንደር ሰዎች፣ እስራኤል ዘመድ ያላችሁም አላችሁ። ቤተ እስራኤል ኦሪትን የሚያነቡት፣ የሚጸልዩት በግዕዝ ነው። ሌስላው በልጅነታቸው በዕብራይስጥ የጸለዩ ሰው ናቸው። ያንኑ ኦሪት፣ ያንኑ ሰንበት፣ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ዜማ ሰሙ። ጸሎቱን በድምፅ ቀዱት፣ ኋላ አሜሪካ ውስጥ በሸክላ ታተመ። ትእዛዘ ሰንበትንና ሌሎች የግዕዝ መጻሕፍታቸውን ተርጉመው በ1951 አሳተሙ። ዛሬ ከቤተ እስራኤል አብዛኛው እስራኤል ነው ያለው። ግዕዙን በቃሉ የሚወጣው ቄስ እያረጀ ነው። ያ የ1940ዎቹ ድምፅ ግን አለ። በዚያን ጊዜ የጸለየው ሰው የልጅ ልጅ ቴላቪቭ ሆኖ መስማት ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ የሥራ ኑሮ ነው፣ ቶሎ ልለፈው። አሜሪካዊ ዜጋ ሆኑ። ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፣ በ1955 ወደ ሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፣ እዚያው ኖሩ። ወደ ኢትዮጵያ ደጋግመው ተመለሱ። ሐረሪ፣ አርጎባ፣ ጉራጌ። የጉራጌው መዝገበ ቃላት በ1979 ወጣ፣ ሦስት ጥራዝ ነው፣ 12 የአነጋገር ዓይነቶችን ይዟል። ስልጤንም በዚያ ውስጥ አስገብተውታል፣ ስልጤዎች ዛሬ ይህን እንደማይቀበሉት አውቃለሁ። የግዕዙ በ1987 ታተመ፣ ያኔ 80 አልፏቸዋል። ኮምፒውተር የተማሩትም በዚያ ዕድሜ አካባቢ ነው። በ1995 ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነ የአማርኛ ሰዋስው አወጡ። 90 ዓመት ሊደፍኑ ትንሽ ጊዜ ነበር የቀራቸው።

አንድ ቀን ላይ ግን ልቁም። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በኢትዮጵያ ጥናት ሸለማቸው። ያ ሽልማት በስማቸው የተሰየመላቸው ንጉሠ ነገሥት ከ1936 እስከ 1940 እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ በስደት ኖረዋል። ጄኔቫ ላይ ቆመው ጮኸዋል፣ ዓለምም አዝኖ በሩን ዘግቷል። ሌስላውም በነዚያው ዓመታት ፓሪስ ላይ አገር አልባ ነበሩ። አንደኛቸው አገራቸውን መልሰው አገኙ። ሌላኛቸው የተወለዱባት ከተማ እንደነበረች አልጠበቀቻቸውም። ሽልማቱ ሲሰጥ ይህ በማንም አእምሮ ውስጥ አልፎ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ በኔ ግን አልፏል።

ኅዳር 1999 በኛ አቆጣጠር፣ ሚሌኒየሙ ሊገባ ወራት ሲቀሩት፣ 100 ዓመት ሞላቸው። በአራተኛው ቀን አረፉ።

ለልጅቷ በሚቀጥለው ቅዳሜ መልስ ይዤላት ሄድኩ። መጽሐፉን ገለጥኩና "ገና" የሚለውን ቃል አሳየኋት። በፊደላችን አንድ ነው የሚጻፈው። "ገና አልመጣም" ስንል ይላላል፣ "የገና በዓል" ስንል ይጠብቃል። ፊደሉ አይለየውም። ሌስላው ግን በላቲን ፊደል አጠገቡ ለይተው ጽፈውታል፣ አንዱን ላልቶ፣ አንዱን ጠብቆ። ልጅቷ ሁለቱን ደጋግማ በአፏ ሞከረችው። እኛ ስንናገረው የማንሰማውን እሳቸው ሰምተውታል። ማን አስገደደው ላለችው፣ "ብዙ ነገር ተገደዋል፣ ይህንን ግን ማንም አላስገደዳቸውም" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "አያቴ የምትለው ቃል ግን እዚህ የለም" አለችኝ። ፈለግን። እውነትም የለም። የወሎ ገጠር ቃል ነው፣ እኔም ከሷ ነው የሰማሁት።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ይሸተኛል። መጽሐፉን እዚያ ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ። አጠገቡ ደብተርና እስክሪብቶ አለ። ከቤታችሁ፣ ከእናታችሁ፣ ከአያታችሁ አፍ የምታውቁትን ቃል ፈልጉበት። ከሌለ ደብተሩ ላይ ጻፉልኝ። የማን አገር ቃል እንደሆነና መቼ እንደሚባልም ጨምሩበት። የመጀመሪያውን መስመር ልጅቷ ጽፋዋለች።